ማኅበር ይቅርብን ላልከው ወንድሜ

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ርዕሱ «ማኅበር ይቅርብን» ይላል። ከሥሩ «ይሄን አንብበሽ ዝም እንዳትዪ» ብላ ጽፋልኛለች። አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። አንዳንዱ እውነት ስለሆነ አመመኝ፣ አንዳንዱ ደግሞ እውነት ስላልሆነ አናደደኝ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። የከተማ ሰው በየወሩ የሚጠጣውን የጽዋ ማኅበር ይተው። አንደኛ ብክነት ነው፣ በዚህ ኑሮ ውድነት ሰው ተበድሮ ይደግሳል። ሁለተኛ ሸክሙ ሁሉ የሴቶች ነው። ሦስተኛ እንደ ፍሪሜሰን በሩን ዘግቶ የራሱን ሰው ብቻ የሚጠቅም ቡድን ነው። አራተኛ ባንክ፣ ኢንሹራንስና ቴሌብር ባለበት ዘመን ጥቅሙ አልቋል። አምስተኛ መጠጥና ሐሜት ነው፣ ወጣቱም ለዚህ ነው የሸሸው።

እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። በብሎካችን የሚካኤል ማኅበር አለን። 12 አባላት ነን፣ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የማን ተራ ነው፣ ሁሉም እኔ ጋ ባለው ደብተር ላይ አለ። የምጽፈው ከዚያ ደብተር ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናስተካክል። ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ውስጥ ሦስት ነገር ተደበላልቋል። አንዴ ማኅበር ትላለህ፣ አንዴ ስለ ድንኳን ታወራለህ፣ ዝቅ ብለህ ደግሞ ስለ ዳኛና ዋስ ትጽፋለህ። ድንኳንና ወንበር ያለው እድር ነው። ሥራው ለቅሶ ነው። ዳኛና ዋስ ያለው ዕቁብ ነው። ሥራው ገንዘብ ነው። ማኅበር በቅዱስ ስም በወር አንድ ቀን ከአባላቱ በአንዱ ቤት የሚጠጣ ጽዋ ነው። የሚመራው ሙሴ ይባላል። ገንዘብ አያጠራቅምም፣ ድንኳን የለውም። የእድሩን ጥፋት በማኅበር፣ የማኅበሩን በዕቁብ ካመካኘህ ማንም ሊመልስልህ አይችልም።

አሁን ወደ ብክነቱ። «ሰው ተበድሮ ይደግሳል» ብለሃል። የሚደግስ አለ፣ አልክድም። በግ እየጣሉ የሚፎካከሩ ማኅበሮችን እኔም አውቃለሁ። ባለፈው ወር እንትና ቤት ሁለት ዓይነት ሥጋ ነበር እየተባለ የሚቀጥለው ተረኛ ሦስት ያደርጋል። ስለ እነሱ የጻፍከውን እኔም እፈርምበታለሁ። የእኛ ደንብ ግን አንድ ገጽ ናት። አንድ ወጥ፣ አንድ አትክልት፣ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ። አረቄ አይገባም። ከዚህ በላይ ያቀረበ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ለአንድ ወር የንባቡን ሻማ መግዛት ነው።

ሌላው ያላሰብከው ነገር የቀን መቁጠሪያው ነው። እኛ ወሩ በገባ በ12 ነው የምንሰበሰበው። ታኅሣሥ 12 የነቢያት ጾም ነው፣ መጋቢት 12 ዐቢይ ጾም ነው፣ ነሐሴ 12 ፍልሰታ ነው፣ ሰኔ 12 አብዛኛውን ጊዜ የሐዋርያት ጾም ላይ ይውላል። ረቡዕና ዓርብ ሲገጥም ደግሞ ጨምርበት። ከዓመቱ ትልቁ ክፍል ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው ማለት ነው። አቅም ያነሰው ሰው የጾም ወር ተራ ቢደርሰው ማንም ምንም አይለውም። ይሄን ያሰቡት እኛ ሳንሆን የቀደሙት ናቸው፣ እኛ ተጠቀምንበት እንጂ።

እንዴት እንደተጠቀምንበት ልንገርህ። ከአባሎቻችን አንዱ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆየ፣ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ማኅበር ቀርተው አያውቁም። አንድ ዓመት ኅዳር 12 ቀሩ። ኅዳር ሚካኤል የዓመቱ ትልቁ ንግሥ ነው፣ ሰው እንዴት በዚያ ቀን ይቀራል? አሟቸው ይሆናል ብለን ድርሻቸውን ዳቦ ላክንላቸው። ታኅሣሥም ቀሩ። ደብተሩን ገለጥኩት። የጥር ተረኛ እሳቸው ናቸው።

ጥር 12 ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ሌሎቹ ታቦቶች በጥምቀት ዕለት ሲገቡ ሚካኤል የሚገባው በማግስቱ ነው። ሰው ታቦት ሸኝቶ ደክሞትና ርቦት ነው የሚመጣው፣ እንግዳም ይከተላል። ከአሥራ ሁለቱ ተራ ከባዱ እሱ ነው። ነገሩ ገባኝ። ለሙሴያችን ነገርኩትና አብረን ሄድን፣ እኔ የዳቦውን ሳህን ይዣለሁ።

በሩን ሲከፍቱልን ሹራብ ደርበው ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው። ምድጃው ላይ አንዲት ትንሽ ጀበና ብቻ አለች። ሙሴያችን ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አላነሳም። «አባባ፣ ለጥር ስለት ነበረብኝ። ዘንድሮን ጥርን ለእኔ ይልቀቁልኝና የእኔን መጋቢት ይውሰዱልኝ» አላቸው። ስለት እንደሌለበት እኔ አውቃለሁ። እሳቸውም ያወቁ ይመስለኛል። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ስለት ከሆነ ምን አደርጋለሁ፣ ይሁን» አሉ። እዚያው ቆሜ ደብተሩ ላይ ቀየርኩት።

መጋቢት 12 ቤታቸው ገባን። ሽሮውን ራሳቸው ነው የሠሩት። ዳቦውን ከሥራቸው ያለችው ጎረቤት ጋግራላቸዋለች፣ ጠላውን ሙሴያችን አስመጣ። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። ድስቱ ግን ባዶውን ነው የወጣው። ጠላ ሲቀዱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ልንቀበላቸው ስንል «የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ» ብለው ከለከሉን። ከዚያ ወዲህ አንድም ወር አልቀሩም።

ወንድሜ፣ ብክነት ብለህ የደመርከው ይሄንንም ነው። ወር ጠብቆ የሚጠራ ስም ባይኖራቸው ኖሮ እኚህ አባት ኅዳርን ቀሩ፣ ታኅሣሥን ቀሩ ብሎ የሚቆጥር ሰው ከየት ይመጣ ነበር? እኛ እዚህ ከከተማው ዳር ያለን ሰዎች ጎረቤት ያደረገን እጣ ነው። የ1997 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ። ቁልፍ ተቀብለን ስንገባ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከጉለሌ፣ አንዱ ከቂርቆስ ነው የመጣው። ውኃ የለም፣ ደረጃው ጨለማ ነው፣ ማታ ጅብ ሲጮህ ይሰማል። ከፊት ለፊቴ ያለው በር ውስጥ ማን እንዳለ ሳላውቅ ሰባት ወር ኖሬያለሁ። በሰባተኛው ወር ነው አንዲት እናት በየበሩ እያንኳኳች «ሚካኤልን እንጠጣ፣ ትገቢያለሽ?» ያለችን። ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው ስም የእሷ ነው።

የሴቶችን ሸክም በተመለከተ ልክ ነህ። ምንም አልከራከርህም። የመጀመሪያ ተራዬን አልረሳውም። ጌሾውን፣ ብቅሉን፣ ጥንስሱን ከሥራ በኋላ ነው የምሠራው። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በጄሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ አወጣለሁ። ቀኑ ሲደርስ ባለቤቴ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ «ጨምሪላቸው» ይለኛል። ሲሄዱ የነበረው የሳህን ክምር አሁንም ይታየኛል። ሌሊት ስድስት ሰዓት እያለቀስኩ አጠብኩት።

የሚቀጥለው ወር ላይ ይሄንኑ ተናገርኩ። ከንባቡ በኋላ፣ ሁሉም ባለበት። ደንግጠው ነበር። ከዚያ ደንብ ወጣ። ለእያንዳንዱ ተረኛ ሁለት ተባባሪ ይመደባል፣ ከሁለቱ አንዱ የግድ ወንድ ነው። ውኃ ማውጣትና ዕቃ ማጠብ የወንዶች ነው። ጠላ መጥመቅ ያልቻለች ከምትሸጥ ሴት ትገዛለች፣ ነውር አይባልም። አንድ አባላችን ለሁለት ወር አኩርፎ ነበር። ዛሬ ቀድሞ እጅጌውን የሚሰበስበው እሱ ነው። ወጡን የምናማስለው ግን አሁንም እኛ ነን፣ ይሄ ገና አልተፈታም።

ግን መደምደሚያህ አይገባኝም። ማኅበሩ ቢቀር እኔ አላርፍም። ማታ ማታ ያው ወጥ እሠራለሁ፣ ያው ሳህን አጥባለሁ። ማኅበር ስላለ በዓመት አንድ ቀን አስተናግዳለሁ፣ 11 ቀን ደግሞ ሰው ቤት ተቀምጬ «ብይ፣ ጠጪ» ይሉኛል። ከ11ዱ ቀን ውጭ ዓመቱን ሙሉ እኔን ቁጭ አድርጎ የሚያስተናግደኝ የለም። ይሄን ስትሰርዝ ማንን ነጻ እያወጣህ እንደሆነ አስብበት።

ወደ ፍሪሜሰኑ ልምጣ። ይሄ ነጥብ ነው ጓደኛዬን ያናደዳት። ሰው ፍሪሜሰን የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚያስበው የሰይጣን ሥራ ነው፣ አንተም ይሄን እያወቅህ ነው ያስገባኸው። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ሥሩ የድንጋይ ጠራቢዎችና የግንበኞች ማኅበር ነው። በፈረንጆች 1717 ለንደን ላይ አራት የአካባቢ ማኅበራት ተሰብስበው አንድ የበላይ ማኅበር አቋቋሙ። ሦስት ደረጃ አላቸው፣ ከተማሪነት ተነስቶ እስከ ሊቅነት ይደርሳል። ሽርጥ ያስራሉ። ምልክታቸው ማዕዘን መለኪያና ኮምፓስ ነው። ብዙዎቹ በየወሩ ይሰበሰባሉ፣ ሥርዓቱ ሲያልቅ አብረው ማዕድ ይቀርባሉ፣ ለተቸገረ አባልና ለባል የሞተባት ሴት ያዋጣሉ። ስብሰባ ላይ በሃይማኖትና በፖለቲካ መከራከር ክልክል ነው። በራቸው ላይ ሰይፍ የያዘ ዘብ ይቆማል። በዋናው የእንግሊዝ ሥርዓት ሴት አባል አትሆንም።

እንግዲህ አወዳድር። ወር ጠብቆ መሰብሰቡ፣ አብሮ መብላቱ፣ የተቸገረ አባልን መደገፉ ይመሳሰላል። እነሱም በዚህ አይነቀፉም፣ ሰው የትም ቢሆን ሰው ይፈልጋል። የተዘጋውስ? የእኛ በር በማኅበር ቀን አይዘጋም። ስልህ ቃል በቃል ነው፣ ሳንቃው ተከፍቶ ነው የሚያመሸው። በዚያ ሰዓት የመጣ ሰው የእግዚአብሔር እንግዳ ነው፣ ማን ነህ ሳይባል ይበላል። የብሎኩ ጥበቃ ድርሻው ይወርድለታል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቆሎና ለስላሳ እንልካለን፣ እነሱም ለኢድ አይረሱንም። ደረጃ የለንም፣ ምስጢርም የለንም። ቀኑ 12 መሆኑን ብሎኩ ሁሉ ያውቃል፣ መዝሙሩ ይሰማላ።

በዚህ ነጥብ ላይ የምቀበልህ አንድ ነገር አለ። ቁጥሩ 12 ስለሆነ መግባት የፈለገ ይጠብቃል። አሁን ሁለት ሰዎች እየጠበቁ ናቸው፣ ይከብደኛል። ሃይማኖቱም ግልጽ ነው፣ የጽዋ ማኅበር የኦርቶዶክስ ነው። ሰፈሩን ሁሉ የሚሰበስበው እድሩ ነው። እዚያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ መዝገብ ላይ ነው ያለው፣ አንድ ድንኳን ነው የሚተክለው።

ቴሌብርና ኢንሹራንስ ብለሃል። ቴሌብር በ2013 ሲመጣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። የእድር መዋጮ በእሱ ነው የምከፍለው፣ እሁድ እሁድ መሰለፍ ቀረልኝ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ከፍያለሁ፣ ካርዱ አለኝ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ካርዱ የሕክምናውን ዋጋ ያግዛል። ሌሊት ታክሲ ፈልጎ፣ ደግፎ ደረጃውን አውርዶ፣ እስኪነጋ አግዳሚ ወንበር ላይ አብሮ የሚቀመጥ ግን ሰው ነው። አምና ሲያመኝ እንዲህ አብራኝ የተቀመጠችው የማኅበር እህቴ ናት።

ደግሞስ ሕግ ያቋቋመልን ማኅበር አጥተን መሰለህ? በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንጻ ባለቤቶች ማኅበር አለን። የጥበቃ ደመወዝ ይከፍላል፣ የውኃ ፓምፕ ያሠራል፣ ጥሩ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ግን የሚመጣው ሰው በጣት ይቆጠራል፣ የመጣውም ተጨቃጭቆ ይበተናል። ፓምፑ ተበላሽቶ ማን ይክፈል በሚል ሁለት ጎረቤታሞች ሰላምታ ሲያቋርጡ ያስታረቃቸው ስብሰባው አልነበረም። ሁለቱም የሚካኤል አባላት ናቸው፣ ሙሴያችን «ጽዋው ፊት ተኳርፋችሁ አትቀመጡም» ብሎ እዚያው አጨባበጣቸው።

እድሮችን ደግሞ ጊዜ ያለፈባቸው አድርገህ አትናገር። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ቤት ሲዘጋ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ ሰው ጠይቀዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ዘመዶቼ ገላን ጉራ ገቡ። ቤት አገኙ። እድራቸው ግን በየአቅጣጫው ተበተነ። አክስቴ አዲሱ ቤት እንዴት ነው ስላት ስለ ቤቱ አልነገረችኝም። «ብሞት ጥሩምባው ለማን ይነፋል?» ነው ያለችኝ። አሁን እዚያው የመጡት ተሰባስበው አዲስ እድር እያቋቋሙ ነው። ኢንሹራንስ መግባት ይችሉ ነበር እኮ፣ ማንም አልከለከላቸውም።

ሐሜትና መጠጡ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለት ብርጭቆ ጠላ ጠጥቶ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚበተን ሰው ሰካራም አይባልም። ሐሜት አለ፣ ሰው ባለበት ሁሉ አለ፣ መሥሪያ ቤትም አለ፣ ታክሲ ውስጥም አለ።

የወጣቱ ነገር ግን እውነት ነው። ከ12ታችን ከሠላሳ ዓመት በታች አንድም የለም። ምክንያቱ ግን ሐሜት አይመስለኝም። ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ለምን አትገቢም ስላት «እማ፣ ትምህርት ጨርሼ የት እንደምኖር እንኳን አላውቅም፣ ለአንድ ዓመት እንዴት ተራ ልያዝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ኪራይ በየጊዜው የሚጨምርበት፣ በየዓመቱ ሰፈር የሚቀይር ልጅ በየወሩ እዚሁ እገኛለሁ ብሎ ቃል መግባት ይከብደዋል። እዚህ ላይ ብትጽፍ ኖሮ አብሬህ ነበር የምጽፈው። ለአጭር ጊዜ የሚኖር ተከራይ እንዴት አባል ይሁን? ግማሽ ተራ ይኑር? ሁለት ወጣቶች አንድ ተራ ይካፈሉ? ይሄን ባለፈው ወር አንስተነዋል፣ ገና አልተስማማንም። ሙሴያችን 12 ቁጥር አይነካ ይላል። እኔ ይነካ ባይ ነኝ።

ባለፈው 12 ተረኛዋ እኔ የሆንኩት ጎረቤቴን ተክቼ ነው፣ እሷ አራስ ናት። ንባቡ አለቀ፣ ዳቦው ተቆረሰ። በነጭ ነጠላ የተጠቀለለውን ጽዋ ቀጣዩ ተረኛ ተቀበለና ሻማ አብርተን እየዘመርን ልንሸኘው ወጣን። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል። ልጄ ክፍሏ ስታጠና ነበር። መዝሙሩን ስትሰማ ወጣች፣ ስልኳን አብርታ ከፊት ከፊት እየሄደች እስከ መሬት ድረስ አበራችልን። ስንመለስ «የአራሷን ዳቦ አደረሳችሁላት?» አለችኝ። ረስተነው ነበር። ሳህኑን ይዛ ወረደች።